ኩርፊያን የሚቀልበው ማን ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ! ፍቅረኛችሁ ሲያኮርፍ ምን ታደርጋላችሁ? ትለማመጣላችሁ? ትጋብዛላችሁ? እንግዲያው ኩርፊያውን የምትቀልቡት እናንተው ናችሁ!

ነገሩን አርባ ምንጭ ላይ እንየው። ወንዱ ሲቀላ፣ እሷ ሴቻ ይኖራሉ እንበል። ከቀጠሮ ዘገየችበት። "ለምን ቆየሽ?" አይላትም፤ ፊቱን ያጠቁራል፣ ስልኩን ይዘጋል። እሷም በባጃጅ ቁልቁል ትወርድና "በሞቴ ታረቀኝ" ብላ የጫሞ ዓሣ ትጋብዘዋለች። ሌላ ቀን ቅሬታውን በወጉ ሲነግራት ግን "አቦ አትነዝንዘኝ!" ታዲያ ልጁ ምን ተማረ? መናገር ስድብ ያመጣል፣ ማኩረፍ ዓሣ ያስበላል!

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ይህንኑ በድመቶች አሳይቷል። ሳጥን ውስጥ የተዘጋች ድመት በአጋጣሚ መክፈቻውን ነክታ ስትወጣ ምግብ ታገኛለች። ሲደጋገም በቶሎ መውጣት ለመደች። ጥሩ ነገር ያስከተለ ድርጊት ይደገማል ማለት ነው። በኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ጉዳዩን አስፋፍቶ አጠናው።

ልብ በሉ፣ እሷም ተምራለች! ስትለማመጠው ያ የሚያስጨንቅ ዝምታ ያበቃላታል። ስለዚህ ነገም ትለማመጣለች።

አንዳንዴ መለማመጥ፣ አንዳንዴ መተውስ? ይሄማ የባሰ ነው። መቼ እንደሚሳካ ያልታወቀ ነገር ቶሎ አይተውም፤ ቁማርተኛን አይታችሁ የለ?

ለዚህ የጋሞ አባቶች ትምህርት አላቸው። በጋሞ ባህል ጥፋትን መደበቅ "ጎሜ" ሆኖ መዘዝ ያመጣል ይባላል። ዱቡሻ ላይ ጥፋቱን ያመነ ግን ይታረቃል። መደበቅ ያከስራል፣ መናገር ያተርፋል! በመስከረም 2011 ዓ.ም የቡራዩን ግድያ ሰምተው በቁጣ የወጡ የአርባ ምንጭ ወጣቶችን አባቶች ርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሳሩን መርገጥ ነውር፣ መመለስ ክብር እንደሆነ ልጆቹ ሲያዩ አድገዋላ!

እናንተስ? ኩርፊያ ሲመጣ "ስትፈልግ እንነጋገራለን" ብላችሁ ተረጋጉ። መናገር ሲጀምር ወዲያው አድምጡ፤ ግብዣውም ያኔ ይሁን። መጀመሪያ ሰሞን ኩርፊያው ሊብስ ይችላል፤ የለመደበት ደመወዝ ተቋርጦበታላ! ያኔ ከተሸነፋችሁ ግን ያስተማራችሁት የባሰውን ኩርፊያ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ዛቻና ዱላ ካለ ጉዳዩ ከኩርፊያ አልፏል። ብቻችሁን አትያዙት፤ ለምታምኑት ሰውና ለሕግ ተናገሩ።

በሉ፣ ዛሬ ማታ የምትጋብዙት ኩርፊያውን ነው ወይስ ሰውየውን?