ኮይ ፕላ እና የሐሞት ቱቦ ካንሰር

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን በሚባለው አካባቢ፣ ኮይ ፕላ የሚሉት ምግብ አለ። ከወንዝና ከኩሬ የወጣ ትንንሽ ዓሣ በጥሬው ይከተፍና በሎሚ፣ በቃሪያና በቅጠላ ቅጠል ይለወሳል። ክትፎ ለሚወድ ሰው የዚህን ምግብ ፍቅር መረዳት አይከብድም። ከዓለም ሁሉ የሐሞት ቱቦ ካንሰር በብዛት የሚታየውም እዚያው ኢሳን ነው።

ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ የሐሞት ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። በጉበት ውስጥ የተሰራጩ ቀጫጭን ቱቦዎች እየተገናኙ ሐሞቱን ወደ ትንሹ አንጀት ያደርሱታል፤ እዚያ ቅባት እንዲፈጭ ያግዛል። ካንሰሩ የሚነሣው ከቱቦዎቹ የውስጥ ሽፋን ነው።

በኢሳን ዋናው ጥፋተኛ ኦፒስቶርኪስ ቪቨሪኒ የተባለ ጠፍጣፋ ትል ነው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቀንድ አውጣ ይውጠዋል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ደግሞ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይመሽጋል። ሎሚው ሥጋውን ቢያነጣውም እጩን አይገድለውም። ትሉ በሰው ሐሞት ቱቦ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ግድግዳውን ያቆስላል፣ ቁስሉ ይሽራል፣ ደግሞ ያገረሻል። ካንሰሩ ብቅ የሚለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ትሉን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፤ እኛ አገር ለቢልሃርዝያ በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ያው ክኒን። ችግሩ፣ መድኃኒት አለ ብሎ የተማመነ ሰው ወደ ጥሬ ዓሣው ይመለሳል፤ ትሉም አብሮ ይመለሳል። የጀመረ ካንሰርን ደግሞ ክኒኑ አይነካውም።

ትሉ በሌለበት አገርም በሽታው አለ፤ የቱቦ ጠጠርና የቆየ የቱቦ ብግነት ያጋልጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አይገኝም። ሲጀምር አያምም። ቱቦው ሲዘጋ ነው ዓይን ቢጫ የሚሆነው፣ ሽንት የሚጠቁረው፣ ዓይነ ምድር የሚነጣው፣ ቆዳ የሚያሳክከው። እኛ ዘንድ ይህን ያየ ቤተሰብ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ያስቀምጣል፤ ሳምንታት የሚባክኑት ያኔ ነው። የመዳን ተስፋ የሚሰጠው ቀዶ ሕክምና ነው፤ አብዛኛው ታማሚ ግን የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ለእነዚህ የተዘጋውን ቱቦ በቀጭን ማስተላለፊያ መክፈትና ኬሞቴራፒ ይቀራቸዋል።

በኢሳን የሚገኘው ኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለዚህ ነው አልትራሳውንድ ይዘው ወደ መንደር የሚወጡት። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት የጉበት ቀዶ ሐኪም ናሮንግ ኩንቲኬኦ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን በጉበት ካንሰር አጥተዋል። ወጣቱን ማሳመን ይቀላል፤ አዛውንቱ ግን ዓሣው ከበሰለ ጣዕሙ ይጠፋል ብለው ይሟገታሉ።