ጭረትን በጭረት

ባለፈው እሑድ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ ወዳጄን በረንዳው ላይ አገኘሁት። የአሮጌ ቶዮታውን የቴስታታ ክዳን ፈትቶ፣ የሙዝ ቅጠል ላይ አጋድሞ፣ በአመድና በሎሚ ይፈገፍጋል። «እናቴ ብረት ድስቷን በዚህ ነው መስታወት የምታስመስለው» አለኝ። ክዳኑ ግን መስታወት አልሆነም፤ ጭራሽ ጉም የለበሰ መሰለ።

መጀመሪያ ነገር አመድ ከውሃ ጋር አልካሊ ነው፣ ሎሚ አሲድ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አንዱ የሌላውን ጉልበት እንዲሰብር መፍቀድ ነው፤ የሚተርፈው የአመዱ ሻካራነት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ድስቱና ክዳኑ ዘመዳማቾች እንጂ መንትዮች አይደሉም። «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው ዕቃ አሉሚኒየም ነው፣ ያውም ንጹህ ሊባል የሚችል። የሞተር ክዳን ግን ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ስለሆነ በደንብ እንዲፈስ ሲሊከን ይጨመርበታል። በተለመዱት ድብልቆች ሲሊከኑ ከመቶ 7 እስከ 12 ይደርሳል። እነዚህ የሲሊከን ቅንጣቶች ለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ እንደ ጠጠር ተሰክተው ይቀመጣሉ። ስንፈገፍግ ለስላሳው ቀድሞ ይበላል፣ ጠጠሩ ጎላ ብሎ ይቀራል። በቅርጽ የፈሰሰ ክዳን የቱንም ያህል ቢለፋበት ትንሽ ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ወዳጄ ብዙም አይዘን።

«ዝጎ ነው የደበዘዘው» ይባላል። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አሉሚኒየም አየር በነካው ቅጽበት ራሱን በኦክሳይድ ይሸፍናል፤ ውፍረቱ ግን ጥቂት ናኖሜትር ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70,000 ናኖሜትር እንደሚወፍር ስናስብ ከምንም አይቆጠርም። በዚያ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሰንፔርና ሩቢ ከዚሁ ውሁድ የተሠሩ ዕንቁዎች ናቸው። እንደ መስታወት የጠራ አሉሚኒየም ስናይም ይህን ስስ ልብስ አሳልፈን ነው የምናየው።

ታዲያ ማብረቅረቅ ከየት ይመጣል? የጫሞ ሐይቅን ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ውሃው ተራራውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ነፋስ ሲመጣ ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ምስሉ ግን ይበተናል። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። የገጹ ጉብታና ስርጉድ ከዚህ በብዙ ሲያንስ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ ሲበልጥ በየአቅጣጫው ይረጫል። እንግዲህ መወልወል ማለት የሚቀባ ነገር መጨመር ሳይሆን ትልቁን ጭረት በትንሽ ጭረት መተካት ነው።

በቁጥር 240 ብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል። ቅንጣቱ ወደ 58 ማይክሮሜትር ነው። ከዚያ 400፣ 800፣ 1200፣ መጨረሻ 2000። በየደረጃው አቅጣጫ መቀየር ያስፈልጋል፦ አንዱን ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ላይና ወደ ታች። የቀድሞው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ ያለፈ ሰው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይጀምራል፤ የችኩል ሥራ ሁሉ እዚህ ይጋለጣል። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከሩ መሥራት ግድ ነው። የአሉሚኒየም ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ደረቅና የላመው ደግሞ እሳት ይይዛል።

የ2000 ቅንጣት እንኳ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 10,000 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ወረቀት ብቻውን መስታወት አያደርስም። ቀሪውን የሚሠራው የማጥሪያ ቅባት ነው፤ ካልተገኘ የጥርስ ሳሙና ይሞከራል። ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ከዶርዜ ሸማኔ እጅ ወጥቶ ያረጀ ጋቢ ካለ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። ጨርቁ ሲጠቁር ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይደነግጣል። ጥቁሩ ራሱ የተላጨው አሉሚኒየም ነው፣ ሥራው እየሄደ መሆኑን ያሳያል።

በረኪናን ግን አርቁ። ክሎሪን ያለው አልካሊ ስለሆነ ኦክሳይዱን አፍርሶ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋል። ጋርኒሲዮን የሚያርፍበትን ገጽም አትንኩ፤ ጥቂት ጎድጎድ ካለ ዘይት ያፈስሳል። የዘይት ቀዳዳዎቹን ሳትደፍኑ ከሠራችሁ የገባው ቅንጣት ኩሽኔታ ይበላል።

ወዳጄ መሃል ላይ «የአባያ ሐይቅን ቀይ ደለል ብንሞክርስ?» አለኝ። ሐሳቡ እንደሚመስለው አያስቅም። የአባያ ቅላት ብረት ካዘለ ደለል የሚመጣ ነው፤ ወርቅ አንጥረኞች የሚወለውሉበት ቀይ ዱቄትም የብረት ኦክሳይድ ነው። ችግሩ ቅንጣቱ እኩል አለመሆኑ ነው። መቶ ሺህ የላሙ መሃል አንድ የአሸዋ ፍሬ ብትገኝ የሰዓታት ሥራ ላይ መስመር ታሰምራለች።

ለሞተር ብስክሌት ባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉትን ክንፎች አትወልውሉ። የተወለወለ አሉሚኒየም የሙቀት ጨረር የመልቀቅ አቅሙ ጥቁር ቀለም ከተቀባው ከአሥር እጅ በላይ ያንሳል። ዋናውን ማቀዝቀዝ የሚሠራው ነፋስ ነው፣ እውነት ነው። ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ግን ጭነት ይዞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ ሲኬድ ነፋሱ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። እዚያ ላይ ክንፎቹ ግራጫ ሆነው ቢቀሩ ይሻላል።