ለጥርስ ነው ብለው ያመጡት ልጅ

ከዓመታት በፊት፣ እሠራበት በነበረው የተመላላሽ ክፍል አንዲት እናት የሃያ ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበና ዞሮ «ለጥርስ ነው አላልሽኝም?» አላቸው። ወዲያው ወጥቶ ሄደ። እስኪመለስ አራት ወር ፈጀ፤ በዚያ መሃል ትምህርቱን አቋርጧል፣ ሰውነቱም ከስቷል። እናትየውን ለመውቀስ አፌ አልተፈታም። እኔም እናት ነኝ።

ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ልጅ የምትወስዱ ወላጆች፣ በመጀመሪያ አትዋሹት። «ታመሃል» ብትሉት ይቆጣ ይሆናል፤ «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ምግብም ትተሃል፣ እስቲ ሐኪም ይየን» ብትሉት ግን እንቅልፍ ማጣቱን እሱም ያውቀዋል።

ቀጥሎ ደብተር ያዙ። የአእምሮ ሕመም በራጅ አይታይም። ደም ቢታዘዝም በአብዛኛው እንደ እንቅርት ያለ ሌላ በሽታ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ሐኪሙ የሚመረምረው በታሪኩ ነው። መቼ እንደጀመረ ቀኑ ቢጠፋችሁ በበዓል ቁጠሩት፤ ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ? የበሽታውን ስም ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። «ድብርት ያዘው» ከሚለው ይልቅ «ሦስት ሳምንት ገላውን አልታጠበም፣ ሌሊት ብቻውን ያወራል፣ ጎረቤት ይመርዘኛል ይላል» የሚለው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ አያቶች ከማንም በላይ ታስፈልጋላችሁ። ከዘመድ መሃል እንዲህ የታመመ ወይም ራሱን ያጠፋ ካለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለሠርግና ለጋብቻ ሲባል የተደበቀውን ለሐኪሙ አትደብቁ።

የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር። ጫት፣ አረቄ፣ ሺሻ ካለም ይነገር። ጸበል እየሄደ ከሆነ አትፈሩ፣ ንገሩ። እኔ በሥራ ዘመኔ ጸበል የሚከለክል ሰው አልነበርኩም፤ ያስቸገረኝ መድኃኒቱን በሱባኤ ምክንያት አቋርጦ ብሶበት የሚመለሰው ነው። የሪፈር ወረቀትና የጤና መድን ካርድም እንዳይረሳ።

ሐኪሙ «እስቲ ውጭ ይጠብቁ» ቢላችሁ አትቀየሙ። ልጅ በእናቱ ፊት የማይናገረው አለ።

በመጀመሪያው ቀን የበሽታው ስም ላይነገራችሁ ይችላል። የድብርት መድኃኒት ከተሰጠው ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትጥሉት። በሌላ በኩል መድኃኒት በጀመረ በጥቂት ቀናት አንገቱ ከተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ በዚያው ቀን ውሰዱት። የመድኃኒቱ ጠባይ ሊሆን ይችላል፣ በቶሎ የሚያስተካክል መርፌ አለው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ጊዜ ሰይጣን ያዘው ብሎ ሌላ ቦታ ሲሮጥ አይቻለሁ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ብቻውን አይተው፣ በቤት ያለ የተባይ መድኃኒትና ገመድም ከዓይኑ ይራቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ስለዚህ በግልጽ ጠይቁት።

የዚያ ልጅ እናት በሁለተኛው ጊዜ ሲመጡ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ የታጠፈች ጽሑፍ ይዘው ነበር። የጻፈችላቸው የጎረቤት ተማሪ ናት። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አነበባትና ልጁን «አንተስ ምን ትጨምርበታለህ?» አለው። ልጁም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።