ኢንተርኔት በበቅሎ የገባበት ገጠር

ኦልድ ባብ ይባላል፤ በቅሎ ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በምሥራቁ ተራራማ አካባቢ፣ መኪና በማይደርስበት ዳገትና ቁልቁለት በስልክ ምሰሶዎች መካከል ገመድ ይጎትት ነበር። ይጎትተው የነበረው የድሮው የመዳብ ሽቦ እንዳይመስላችሁ። በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ያሉት፣ በብርሃን መልእክት የሚያመላልስ ፋይበር ነው። ነገሩም የሆነው በአያቶቻችን ዘመን ሳይሆን ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ወዲህ ነው።

በቅሎ ጭነት ተሸክሞ ገደል ሲወጣ ማየት ለኛ ብርቅ አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ባለቤቱ ነው። በቅሎውን ማለቴ አይደለም፣ የገመዱን ባለቤት ነው። ያንን ፋይበር ያዘረጋው ትልቅ ኩባንያ አይደለም። የአካባቢው ገበሬዎች፣ ጡረተኞች፣ መምህራንና ባለሱቆች በጋራ የያዙት የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

ቦታው ጃክሰንና አውስሊ የሚባሉ ሁለት ካውንቲዎች ነው። እኛ ወረዳ እንደምንለው ማለት ነው። ሁለቱ ተደምረው ሃያ ሺህ ሰው አይሞላቸውም። የማኅበሩ መቀመጫ የሆነችው ማኪ የተባለችው ከተማ በአንዲት የትራፊክ መብራቷ ትታወቃለች። ዙሪያው ጫካና ሸለቆ ነው፤ ቤቶቹም ተራርቀው በየሸለቆው ውስጥ ተሰግስገዋል። የአካባቢው ሰው ለብዙ ዘመን በትምባሆ እርሻና በድንጋይ ከሰል ሲተዳደር ቆይቶ ሁለቱም ከእጁ ሲወጡ ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ። የቀሩት ወላጆች ለሥራ ረጅም መንገድ በመኪና ይመላለሳሉ፣ ወይም ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ይሄዳሉ። በምሥራቅ ኬንታኪ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች ብዙ ናቸው። አውስሊም ከመላ አሜሪካ እጅግ ድሃ ከሚባሉት ካውንቲዎች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ከብዙ ሀብታም ከተማ የፈጠነ ኢንተርኔት እንዴት ሊያገኝ ቻለ? መልሱ ከሰባ ዓመት በፊት ይጀምራል።

የአሜሪካ ገጠር ዱሮ ዛሬ እንደምናስበው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤሌክትሪክ የነበረው ከአሥር የገበሬ ቤት አንዱ ብቻ ነው። ስልክ ደግሞ ጭራሽ ወደ ኋላ ሄዷል። በ1920 ከመቶ የገበሬ ቤቶች 39 ያህሉ ስልክ ነበራቸው፤ በ1940 ቁጥሩ ወደ 25 ወርዷል። ገበሬዎች ራሳቸው ተዋጥተው የዘረጓቸው ሽቦዎች በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን የሚጠግናቸው አጥተው ወደቁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ብዙ ኪሎ ሜትር ሽቦ ዘርግተው ሦስትና አራት ደንበኛ ማግኘቱ ስላላዋጣቸው ወደ ገጠሩ ዝር አላሉም።

በ1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን በገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ ላይ የተደረገውን ማሻሻያ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለገጠር ስልክ በዝቅተኛ ወለድ የረጅም ጊዜ ብድር መስጠት ጀመረ። ገበሬዎች ከየቤቱ መዋጮ እየሰበሰቡ በየቦታው የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አቋቋሙ። የማኪው ማኅበር፣ በሙሉ ስሙ ፒፕልስ ሩራል ቴሌፎን ኮኦፐሬቲቭ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መንገድ ከተወለዱት አንዱ ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገጠር አንድን መስመር ብዙ ቤቶች ይጋሩት ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ አጠራር አለው፤ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ የእከሌ ነው፣ ሁለት ረጅም ከሆነ የእከሊት። ታዲያ የራሱ ጥሪ ሲሆን ብቻ የሚያነሳ ጨዋ ስንት ነበር? እጀታውን ቀስ ብሎ አንስቶ የጎረቤቱን ወሬ የሚሰማው ብዙ ነበር ይባላል። የኛን ሰፈር አስታወሰኝ። በልጅነቴ ስልክ ያላቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። «ስልክ ትፈለጋለህ!» ተብሎ የተጠራ ሰው በሩጫ ሄዶ፣ እሳቸው እዚያው ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን እየጠጡ፣ የቤቱን ገመና ሁሉ ጮክ ብሎ ያወራል። ሚስጥር የሚባል ነገር አልነበረም።

ኅብረት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ዕድር ያለበት ሰው አይቸገርም። መስመር ያስገባ ሁሉ አባል ነው። ሀብታሙም ድሃውም አንድ አንድ ድምፅ አለው። በዓመታዊው ጉባኤ ከመካከላቸው የሥራ አመራር ቦርድ ይመርጣሉ። በአሜሪካ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሠራር፣ ከወጪ የተረፈው ገንዘብ በየአባሉ ስም ይመዘገባል። ማኅበሩ ለዓመታት ይሠራበትና ለባለቤቱ ይመልሰዋል፤ አባሉ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይከፍላል። አያት ለዓመታት ከከፈሉት የስልክ ሂሳብ የተረፈው ለልጅ ልጅ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ፋይበሩ ልመለስ። ኢንተርኔት በመዳብ የስልክ ሽቦ ሲሄድ ከማዕከሉ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ከራቀ በኋላ ይደክማል። ለከተማ ሰው ችግሩ አይታይም። በሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ግን ጭራሽ አለመኖር ነው። ማኅበሩን ለረጅም ዓመታት የመሩት ኪት ጋባርድና ቦርዳቸው ሽቦውን እየጠጋገኑ ከመኖር ይልቅ ለሁሉም ቤት ፋይበር ለማስገባት ወሰኑ። ለዋናው መንገድ የቀረበውን ብቻ አላሉም፤ ሸለቆው ጫፍ ላይ ብቻዋን ያለችው ቤት ሳትቀር ነው።

ወጪው ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ባወጣው የማነቃቂያ በጀት ብድርና ድጎማ ተገኘ፤ ያለዚያ አይታሰብም ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ተረት ያወራሁላችሁ ይሆናል። ጎረቤት ተዋጥቶ ብቻውን 50 ሚሊዮን ዶላር አያመጣም። ማኅበሩ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ሲገኝ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቅና የመጨረሻዋን ቤት የማይረሳ ባለቤት። ባለአክሲዮኖች በአጭር ጊዜ ትርፍ የሚጠብቁበት ኩባንያ ለአንዲት ቤት ያንን ሁሉ ገመድ አይዘረጋም። ማኅበሩ ግን ዕዳውን በብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ይከፍላል፤ የአገልግሎቱ ተጠቃሚም ባለቤቱም ያው አንዱ ሰው ነው።

ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። ምሰሶ ለምሰሶ የተዘረጋው ገመድ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከባድ መኪናው መንገድ ባለቀበት ኦልድ ባብ ይቀጥላል። በ2014 በሁለቱ ካውንቲዎች ውስጥ ፋይበር የማይደርሰው ቤት አልነበረም።

ወላጅ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቴሌወርክስ ዩኤስኤ የሚባል ድርጅት የአካባቢውን ሰው እያሠለጠነ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሩቅ ድርጅቶችን ደንበኞች በስልክና በኮምፒውተር እንዲያስተናግድ ከቀጣሪ ጋር ያገናኝ ጀመር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ሥራ አገኙ። ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ልጅ በር ላይ መቀበል ለምትፈልግ እናት፣ የታመመ አባቱን ትቶ ለሥራ ርቆ መሄድ ላልቻለ ጎልማሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትምህርት ቤቱም ተጠቀመ። በዚያ ተራራ ክረምቱ በረዶ ነው። ጠመዝማዛው መንገድ ሲያዳልጥ የተማሪ አውቶቡስ አይወጣም፤ ልጆች በዓመት ብዙ ቀን ትምህርት ያጡ ነበር። አውስሊ በኬንታኪ በበረዶ ቀን ተማሪዎች ከቤታቸው ሆነው እንዲማሩ መሞከር ከጀመሩት ወረዳዎች አንዱ ነው። ይህንንም የጀመሩት ኮሮና ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው። በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአሜሪካ ገጠር ብዙ ወላጆች ዋይፋይ ፍለጋ ልጆቻቸውን መኪና ውስጥ አስቀምጠው ትምህርት ቤት ወይም ምግብ ቤት በር ላይ ይቆሙ እንደነበር በዜና አይተናል። ፋይበር የገባለት ቤት ያለ ልጅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይማራል።

ለአያቶችም ነገር አለ። በማኪ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ተዘጋጅቷል። ሽማግሌው ገብተው በሩን ዘግተው ከሐኪማቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ በስክሪን ይነጋገራሉ። ያ ክፍል ባይኖር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሌክሲንግተን ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ነበረባቸው፤ ሌላ ሰው መኪና ይዞላቸው፣ ቀኑን ሙሉ።

ሁሉም ተሟላ ማለቴ ግን አይደለም። የደንበኛ ስሞታ መስማት አድካሚ ሥራ ነው፤ ደሞዙም ወፍራም አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ወጣት አሁንም ይሄዳል፤ ፋይበር ፋብሪካ አይሆንም። ደግሞ ቤት ሆኖ መሥራትን ያየነው እናውቀዋለን። እናት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ የማታውቀውን ሰው «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» ስትል፣ ሕፃኑ ከሥር ቀሚሷን ይጎትታል። እዚያው ናት፤ ግን የለችም። በዚህ ሰዓት ልጁን አንስቶ ወደ ጓሮ የሚወስድ አያት ያለበት ቤት ዕድለኛ ነው።

የሆነው ሆኖ የኢንተርኔት መስመራቸው በበረዶ ሲበጠስ የማኪ ሰዎች ለማን እንደሚደውሉ ያውቃሉ። ስልኩን የሚያነሳው የዚያው አገር ልጅ ነው። ካልረኩ ደግሞ ዓመታዊው ጉባኤ ሲደርስ እጃቸውን አውጥተው ይናገራሉ፤ ቦርዱ ካልሰማቸው በሚቀጥለው ምርጫ ያወርዱታል።