ቁስቋም ላይ ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጡ፣ ቁስቋም አካባቢ «የሚሸጥ ቦታ አለ» የሚል ደላላ አይጠፋም። በሕግ ፊት ግን የሚሸጥ ቦታ የለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩ ነው። ቦታውን የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ወደ ገዢው ያልፋል፤ ሲያልፍ ግን መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ይህን ሳያውቅ ነው።

ከእናት ከአባት የቆየ፣ በሊዝ ያልተያዘ ግቢ «ነባር ይዞታ» ይባላል። አዋጅ ቁጥር 721/2004 እንደሚለው፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሊዝ ማለት ደግሞ የጊዜ ገደብና ክፍያ ነው፤ ለመኖሪያ ጣሪያው 99 ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ 60 ዓመት።

አንዲት እናት ልጆቼ ከእኔ በኋላ እንዳይጣሉ ብላ በሕይወት ሳለች ቤቷን ለአንዷ ልጇ በስጦታ ሰጠች እንበል። ሐሳቧ ቅን ነው። ስጦታ ግን ውርስ አይደለምና ይዞታው ሊዝ ይሆናል፣ ክፍያውም ልጅቷ ላይ ይወድቃል። ያንኑ ቤት በኑዛዜ ብታወርሳት ኖሮ ይዞታው እንደ ነባርነቱ ይቀጥል ነበር። ቤተሰቡ ሳይፈራረም አስቀድሞ ሊመካከርበት የሚገባው ይህንን ነው።

ሌላው አሳሳቢ ነገር በውክልና መግዛት ነው። የስም ማዞሪያው ክፍያ በዛ ተብሎ፣ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ውክልና ተቀብሎ፣ ካርታው በሻጩ ስም ለዓመታት ይቀመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2232 መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮት ይቀራል። ያኔ ወራሾች ይመጣሉ፤ ገዢውም የከፈለበትን ቤት ይዞ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል። ውክልና የሽያጭ ውልን አይተካም። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መጽደቅ፣ ከዚያም ስሙ መዞር አለበት።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባልም የሚስትም ፊርማ ይፈለጋል። በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት፣ የጋራ ቤቱ ሳይጠየቅ የተሸጠበት ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል።

የቀበሌ ቤት ተከራይማ የሚሸጠው የለውም፤ ቤቱም ቦታውም የመንግሥት ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ካርታውን ይዘው ከሻጩ ጋር ወደ መሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ካርታው ከፋይሉ ጋር መግጠሙን፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ያጣሩ። ካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠሙን ደግሞ በሜትር ያስለኩ።