ስማችንን ያልጣለች ከተማ፦ አንድ ቀን በሜክሲኮ ሲቲ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ሜክሲኮ» ሲባል ቀድሞ የሚታየው አገሩ ሳይሆን አደባባዩ ነው። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» የሚለው የታክሲ ረዳት ጩኸት በጆሮው ያልቀረ ስደተኛ ስንት ነው? ስሙ ለምን እንደተሰጠ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። የዚያ አደባባይ እኅት ውቅያኖስ ተሻግራ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ እንደምትገኝ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ወደዚያው ሄጄ አንድ ቀን ሲተርፈኝ ከተማዋን በደንብ የሚያሳየኝ አስጎብኚ ቀጠርኩ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

አስጎብኚዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአሮጌ መኪናቸው ወርደው እጄን ጨበጡና፣ «እዚህ ወደ ላይ ብቻ የሚያይ ጎብኚ ግማሹን ሳያይ ይመለሳል። እግርዎ ሥር ያለውንም ይመልከቱ» አሉኝ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ሶካሎ ወደሚባለው ታላቅ አደባባይ ነው። በአንድ ወገን ቤተ መንግሥቱ፣ በሌላው ወገን ካቴድራሉ ቆሟል። እስፓኞች ካቴድራሉን በ1573 ጀመሩት፤ የተጠናቀቀው በ1813 ነው። ከጎኑ በየካቲት 1978 የመብራት ኃይል ሠራተኞች ሲቆፍሩ ኮዮልሻውኪ የምትባል የአዝቴኮች አምላክ የተቀረጸችበት ግዙፍ ክብ ድንጋይ አገኙ። መንግሥት በላዩ የነበሩትን ሕንጻዎች አፍርሶ የአዝቴኮችን ዋና ቤተ መቅደስ አስቆፈረ። ዛሬ ያ ፍርስራሽ ከካቴድራሉ አጠገብ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ድል አድራጊው የቀበረውን የልጅ ልጆቹ ቆፍረው አወጡት ማለት ነው።

አዝቴኮች በ1325 ገደማ የቆረቆሯት ቴኖችቲትላን በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ ነበረች። እስፓኞች በ1521 አፍርሰው በፍርስራሹ ላይ የራሳቸውን ከተማ ሠሩ፤ ሐይቁም በጊዜ ብዛት ደረቀ። የዛሬዋ ከተማ የቆመችው በዚያ ለስላሳ ጭቃ ላይ ስለሆነ፣ ከሥሯ ውኃ በተሳበ ቁጥር ትሰምጣለች። ከዘመናዊው ወገን ደግሞ በ1956 የተመረቀው ባለ 44 ፎቁ የላቲን አሜሪካ ግንብ አለ። በ1957 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ፤ ግንቡ ቆመ። መስከረም 19 ቀን 1985 ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት መጣ፤ ቆመ። በ2017 በዚያው በመስከረም 19 ሌላ መጣ፤ አሁንም ቆመ።

ከሶካሎ ሳንወጣ አንድ ነገር ለአስጎብኚዬ የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። የ1968ቱ ኦሎምፒክ ማራቶን የተነሣው ከዚህ አደባባይ ነው። አበበ ቢቂላ ጉዳት ይዞት አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስገኘ። የከተማዋ ከፍታ 2,240 ሜትር ስለሆነ ከቆላ የመጡት ሯጮች ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። የእኛ ሰው ግን አየሩ አልከበደውም። ክረምቱም ከክረምታችን ጋር ይገጥማል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጥቶ መሬቱ ሲሸት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሆዴ ባባ።

ምሳ ሰዓት ላ ሜርሴድ ወደሚባለው ገበያ ገባን። መርካቶ ያደገ ሰው እዚያ አይደናገርም። ዛላ በርበሬው በየዓይነቱ ተከምሯል። ዶሮ ወጣችንን የምናቀላበት በርበሬ ዘሩ የመጣው ከዚህ አገር ነው፤ በቆሎም እንዲሁ። አያቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ያሉት በከንቱ አልነበረም። በክረምት በየመንገዱ ተልጦ የሚሸጥልን በለስም የሜክሲኮ ተክል ነው። እነሱ ቁልቋሉን እሾሁን አራግፈው፣ ጠብሰው ይበሉታል፤ በሰንደቅ ዓላማቸው መካከል ያለው ንስርም የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ከዚያ ትላቴሎልኮ ደረስን። «የሦስቱ ባህሎች አደባባይ» ይሉታል፤ የአዝቴኮች ፍርስራሽ፣ የእስፓኞች ቤተ ክርስቲያንና ዘመናዊ ፎቅ ቤቶች በአንድ ዓይን ይታያሉ። የአዝቴኮች የመጨረሻ ምሽግ ነሐሴ 13 ቀን 1521 የወደቀው እዚህ ነው። አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ያ ቀን ድልም ሽንፈትም እንዳልነበረ፣ የዛሬው ክልስ ሕዝብ በምጥ የተወለደበት እንደሆነ ይናገራል።

እዚሁ አደባባይ ላይ ጥቅምት 2 ቀን 1968፣ ኦሎምፒኩ ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው፣ ወታደሮች በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኮሱ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸው። የታወቁት በስምና በዕድሜ ተጽፈዋል፤ ስማቸው ያልታወቀው ጓደኞቻቸውም አልተረሱም። አስጎብኚዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም አሉ። በኋላ፣ «ያኔ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ቀን ታምሜ ቤት ዋልኩ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ መቃብሩ የማይታወቅ አጎት ባለበት ቤት ነው ያደግሁት። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። አያቴ የት ሄጄ ላልቅስ እያለች አለፈች። ለዚያ ዘመን ሰማዕታት አዲስ አበባ ላይ ሙዚየም የተከፈተው በ2010 ነው፤ ለእሷ ዘግይቶባታል። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን የሚያወልቁበት ድንጋይ ስላላቸው ቀናሁባቸው።

ወደ መጨረሻው ስፍራ የሄድነው መኪናውን አቁመን ነው። ትላቴሎልኮ ላይ የምድር ባቡሩን ሦስተኛ መስመር ይዘን ስምንተኛው ጣቢያ ላይ ወረድን። በዚህ ከተማ ፊደል ላልቆጠረውም እንዲገባው ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሥዕል ተሰጥቶታል። የዚህኛው የአንበሳ ራስ ነው፤ ስሙም «ኢትዮጵያ»። ጣቢያው የተከፈተው በ1980 ሲሆን ስሙን ያገኘው ለአገራችን ከተሰየመው አደባባይ ነው። በቅርብ ዓመታት «የግልጽነት አደባባይ» የሚል ተቀጽላ ቢጨመርበትም የእኛ ስም አልተነሣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ገብታ ኢትዮጵያ የእኔ ናት ስትል፣ ብዙ መንግሥታት ቀስ በቀስ እሺ አሉ። ያላወቁላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ነበረች። በመንግሥታት ማኅበር የነበሩት መልክተኞቿ፣ ናርሲሶ ባሶልስና ከእሳቸው በኋላ ኢሲድሮ ፋቤላ፣ ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። በሕዝብ ጉልበት የተያዘች አገር ስለ ሌላዋ አገር መጮኋ የራሷን ቁስል ስለምታውቅ ይመስለኛል። የእስፓኝ ሪፐብሊክ ሲወድቅ ሃያ ሺህ ያህል ስደተኞችን የተቀበለችውም ይህችው ሜክሲኮ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1954 ራሳቸው መጥተው አመሰገኑ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ጣቢያው ውስጥ ሰው ከሥራ ወጥቶ ይተራመሳል፤ ስማችንን ሳያስበው በቀን ሁለት ጊዜ ያልፍበታል። ሽማግሌው ወደ አንበሳው እያሳዩ፣ «እናንተ ለእንግዳ ምን ታሳያላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን ጠራሁላቸው። «እሱማ የከበረው ነው። ያመማችሁንስ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ለእኔ ብቻ አይመስለኝም። እኛ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአደባባይ ስም የምንፍቅ፣ የአንዱን ሐውልት አፍርሰን የሌላውን የምናቆም ሰዎች ነን። በስደትም አገር ያንኑ ይዘን መጥተን በአንድ ከተማ ሦስት ማኅበር አቁመናል፤ አንዱ የሌላውን ሙታን አይቆጥርም። ሜክሲኮዎች ችግር የላቸውም አልልም፤ ሞልቷቸዋል። ነገር ግን የአሸናፊውን ቤተ ክርስቲያን፣ የተሸናፊውን ቤተ መቅደስና የተገደሉትን ተማሪዎች ስም አንድ ሜዳ ላይ አቁመው እንግዳ ያሳያሉ።

ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖች፣ ሦስተኛውን መስመር ያዙና የአንበሳውን ራስ ስታዩ ውረዱ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።