ጀልባ ለመጎተት የሚሆን የቤተሰብ መኪና

ጀልባ ለመጎተት የሚሆን የቤተሰብ መኪና ሰዎችንና ጓዛቸውን ይዞ፣ ጀልባ የተጫነበትን ተሳቢ ከኋላው አስከትሎ በደህና ሊጓዝ የሚችል መኪና ነው። በጎጃም ጉዳዩ የሚነሣው በተለይ ከጣና ሐይቅ ጋር በተያያዘ ነው። ከደንገል የሚሠራውን የጣና ታንኳ፣ ደረቅ ሲሆን ሰው ራሱ ስለሚሸከመው መኪና አያሻውም፤ የአሉሚኒየም ወይም የፋይበርግላስ የሞተር ጀልባ ግን ያሻዋል።

ክብደት

ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ ከነሞተሩ፣ ከነነዳጁና ከነተሳቢው ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 700 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አምራቾች ለአንድ መኪና ሁለት የመጎተት ልክ ይሰጣሉ፤ አንዱ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ሌላው ፍሬን ለሌለው ነው። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ቶዮታ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር በብዙ ሞዴሎቻቸው ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ድረስ ሊጎትቱ ይችላሉ። እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ መኪናዎች ለዚህ ሥራ አይመረጡም።

ብዙ ገዢዎች የሚያዩት ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ሆኖም የተሳቢው አፍንጫ በመኪናው መጎተቻ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከመኪናው ጭነት ጋር ይቆጠራል። ለምሳሌ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ ከክብደቱ 10 በመቶውን መጎተቻው ላይ ቢያሳርፍ 70 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከኋላ አንድ ሰው እንደ ማፈናጠጥ ማለት ነው። መኪናው 450 ኪሎ ግራም ብቻ እንዲጭን ከተፈቀደለትና አምስት ሰዎች በአማካይ 65 ኪሎ ግራም ከመዘኑ፣ ለጓዝ የሚተርፈው 55 ኪሎ ግራም ነው። ከገጠር ሲመለሱ አንድ ኩንታል ጤፍ ቢጨመርበት ከልኩ ያልፋል። አፍንጫው በጣም ከቀለለ ደግሞ ተሳቢው በፍጥነት ሲነዳ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ከመንገድ ሊያስወጣ ይችላል።

ዳገትና ቁልቁለት

ደጀንና ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ እዚያ ሲደርስ ወደ ሩብ የሚጠጋውን አጥቷል። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ ጀልባ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ማቋረጥ አለበት። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መልሶ ይወጣል። ዳገቱ ሞተር ያሞቃል፤ በዚህ ጊዜ ቆሞ ማብረድ ይቻላል። የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ፍሬን የሌለው 700 ኪሎ ግራም ተሳቢ ከጎተተ፣ የመኪናው ፍሬን 2.7 ቶን ለብቻው ይይዛል። ፍሬኑ ሳይለቀቅ ረጅም ጊዜ ከተረገጠ ይግልና መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ትልልቅ ጀልባዎች ከቤት መኪና አቅም ውጭ ናቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ የተጓጓዘችው «ጣናነሽ 2» የመጣችው በከባድ ተሳቢ ነው።

በብቸና አቅራቢያ ካለችው ከዲማ ለሚነሣ ቤተሰብ ግን ጉዞው ይቀላል፤ በብቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ሲገባ ወደ ዓባይ በረሃ አይወርድም።

የኤሌክትሪክ መኪና

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአዲስ መኪና ምርጫ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም። በቁልቁለትም ባትሪውን እየሞላ መኪናውን ይይዛል፤ ባትሪው ደጀን ላይ ጢም ብሎ ከሞላ ግን ይህ እርዳታ ይዳከማል። ተሳቢ ሲጎትት በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በተጨማሪም አንድ ሞዴል በአውሮፓ ለመጎተት ተፈቅዶለት ለቻይና ገበያ የተሠራው ላይፈቀድለት ስለሚችል፣ የሚታየው የዚያው መኪና መመሪያ መጽሐፍ ነው። የመጎተት ልክ ካልተጻፈበት አልተፈቀደለትም ብሎ መውሰድ ይገባል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚቀዝፍ ቤተሰብ ርካሹ መንገድ ጀልባውን አንድ ጊዜ በኪራይ አይሱዙ አስጭኖ ጣና ዳር ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ በቪትዝም ቢሆን መሄድ ይቻላል።